«አሮጌው ምሰሶ ይነሣልን»

የመሰለች ሱቅ ከማዘጋጃ ቤቱ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አንድ አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። በሩ ላይ «ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚለውን ራሷ ናት በሰማያዊ ቀለም የጻፈችው። የወሰን ክርክር ያለበት፣ ቆጣሪ ማዛወር የፈለገ፣ መታወቂያ የጠፋበት፣ ዝውውር የሚለምን መምህር፣ ሁሉም እዚያች አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ሰው ተናዶ እየተንተባተበ ሲያወራ ዝም ብላ ታዳምጠዋለች። ሲጨርስ «እሺ፣ አሁን ይህን ሁሉ በአራት መስመር እንበለው» ትላለች። ትለዋለችም። ሲነበብለት ባለጉዳዩ ራሱ «እንዲህ ነው እንዴ ያልኩት?» እያለ ደስ ይለዋል።

ስለ እሷ ልጽፍ የተነሣሁት አንድ ጊዜ በአንድ ቃል ስለተሳሳተች፣ እሱን ለማቃናት የሄደችበትንም መንገድ አብሬያት ስለሄድኩ ነው። እኔ ቆንጅት እባላለሁ። ትምህርቴ ያው አራተኛ ክፍል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቡና ለቀማ ላይ ተቀምጬ፣ መጥፎውን ፍሬ ከደህናው ስለይ ነው ያረጀሁት። አንዳንዱ ነገር ከተምታታብኝ እንግዲህ ታገሡኝ።

እናቷን ነው መጀመሪያ ያወቅኋት። አትጠገብ የቤተ ክርስቲያናችን ጽዳት ነበረች። ባሏ ሲሞትባት የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች ከግቢው ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጧት። እሷም ከክፍሏ ኋላ እንሰት ተከለች፤ ልጅ ይዛለቻ፣ ምን ታብላት? መሰለች ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ብቻ የሚታይ ልጅ።

ውሃ የምንቀዳው ከለገዳራ ወንዝ ነበር። ጀርባችን ይመስክር። በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ግን ተፈቀደልንና የቧንቧውን መስመር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በኩል በጉልበታችን ቆፍረን አስገባነው። ወንዱ ቆፈረ፣ እኛ ሴቶቹ አፈር አወጣን፣ ቱቦውን የገጠመው በራሶ ነው።

በራሶ የቡሌ ሰው ነው፤ ጌዴኦ። ወደዚህ ወደ ዲላ የወረደው ጎልማሳ ሆኖ የቧንቧ ሥራ ተምሮ ነው። አማርኛንም እዚሁ ስለተማረው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። እኔንም «አንተ ቆንጅት» ነው የሚለኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ አልተቃናም፣ እኔም ለምጄዋለሁ። የመጀመሪያዋን የጭቃ ጸሎት ቤት ስናቆም ጣሪያ ላይ ሰዎች ሳሉ ነፋስ መጣና የመካከሉ እንጨት ማዝመም ጀመረ። በራሶ ሮጦ በትከሻው ያዘው። ገመድ ፍለጋ ሰው ወደ ገበያ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ አቅፎት ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ «ምሰሶ» ሆነ። አሁን ያሉት ወጣቶች በራሶ መባሉን እንኳ አያውቁም፤ «አባባ ምሰሶ» ነው የሚሉት።

መሰለችን ፊደል ያስያዛት ትምህርት ቤት ይሁን እንጂ ወረቀት የሰጣት እሱ ነው። ከየግንባታው ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት እያራገፈ ያመጣላት ነበር። ውስጠኛው ንጹሕ ቡኒ ወረቀት በቢላ እየተቆረጠ ደብተር ይሆናል። «ጻፍ!» ይላታል፣ «አንተ ጻፍ፣ እኔ አየዋለሁ።» እሱ ራሱ ብዙም አያነብም፤ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ነበር የሚያየው።

እንግዲህ ወደ አሁኑ ልምጣ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሞላች። እሑድ እሑድ ግማሹ ሰው ውጭ ሸራ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ሲዘንብ ሸራው ውሃ ይቋጥርና አንዱ በእንጨት ሲገፋው ሌላው ላይ ይወርዳል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ማዕድ ቤት ገባ፤ ልጆቹ ዳዊትና ጎልያድን በድስት ክዳን መጫወት ጀመሩ። ሽማግሌዎች ማስፋፊያ ይሠራ አሉ። «ማን ይሩጥ?» ሲባል ሁሉም ወደ መሰለች ዞረ።

«አንቺ ከወረቀት ጋር ትግባቢያለሽ» አሏት።

ተግባባችም። ካርታውን፣ የፕላን ስምምነቱን፣ የአፈር ምርመራውን፣ ንድፉን አንድ በአንድ እያነባበረች በአረንጓዴ ክላሰር ያዘች። ሱቋን ጠዋት ከፍታ፣ ረፋዱ ላይ ዘግታ ቢሮ ለቢሮ ትዞራለች። እኔ ቤቴ ከግቢው አጥር ጋር ስለሚያያዝ ስትመለስ ውሃ ትጠጣና የዕለቱን ታወራኛለች።

«እትዬ ቆንጅት፣ ጉዳዩ እኮ እንደ ሹሩባ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ማዘጋጃ ቤት ንድፉን በማኅተም የሚያትመው የመብራቱም የውሃውም መስመር በየት በየት እንደሚያልፍ ሲታይ ነው። መብራት ኃይሎቹ የግቢውን ፖል የሚያነሡት መሠረቱ የት እንደሚያርፍ ሲያውቁ ነው። ውሃዎቹ ደግሞ አሮጌውን ቱቦ ሳታሳዩን አትቆፍሩ ይላሉ። አንዱን ከሳብኩ ሌላው ይፈታል።»

«ታዲያ እናትሽ ሦስቱንም አንድ ላይ ይዛ ነበር የምትጎነጉነው» አልኳት። ሳቀች።

በመጀመሪያ የመብራቱን ጀመረች። ግቢያችን መካከል አንድ የኮረንቲ እንጨት አለ፤ የታች ሰፈር መብራት በእሱ ነው የሚያልፈው። አዲሱ ግንብ የሚያርፈው ልክ እሱ ላይ ነው። ማመልከቻ ጻፈች፤ እንደ ልማዷ አሳምራ። ቅጂውንም ለሽማግሌዎች ሰጠች።

እሑድ ዕለት ወንጌላዊ ባርናባስ ማስታወቂያ ሊያነብ ቆመ። ደግ ልጅ ነው፣ ግን ችኩል ነው። «ወገኖች፣ ስለ ሕንፃው እንድትጸልዩ የጻፍነውን ደብዳቤ ላንብብላችሁ» አለና፣ ለማን እንደተጻፈ የሚለውን ራስጌ ዘሎ ከመካከሉ ጀመረ፦

«በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ለረጅም ዘመን ቆሞ የኖረው አሮጌ ምሰሶ፣ በአሁኑ ጊዜ ያዘመመና ለማስፋፊያ ሥራችን እንቅፋት የሆነ በመሆኑ፣ በአስቸኳይ ተነሥቶ ከግቢው ውጭ እንዲደረግልን...»

መዘምራኑ መካከል ሃሌሉያ የምትባል ሳቋን መያዝ የማትችል ልጅ አለች። እሷ በሳቅ ፍርፍር አለች። ጎረቤቷ አፏን ያዘች። ከዚያ ወንበር በወንበር እየተላለፈ የቤቱ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ፤ ወዴት? በራሶ ወደተቀመጠበት ወደ ፊተኛው ወንበር። እሱ ሰማንያን አልፏል፤ ሲራመድ በከዘራው ላይ ወደ ግራ ያዘማል። ምን ልበላችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። አልደብቅም። ባርናባስም ሰው ለምን እንደሳቀ ሳይገባው ፈገግ ብሎ ንባቡን ቀጠለ።

በራሶ ባርኔጣውን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ደፋ። ቡራኬው ሳይሰጥ ወጣ። ሽንት ይዞት ይሆናል አልኩ። መሰለች ማዕድ ቤት ከልጆቹ ጋር ስለነበረች ይህንን ሁሉ አላየችም።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ፋይሉን የያዘችው ኢንጂነር ፈይዛ ናት፤ አባቷ ገበያ ዳር ጨርቅ ይሸጥ ነበር፣ ልጅ ሆና እናውቃታለን። ንድፉን ዘርግታ አየችውና ጣቷን አሳረፈች።

«መሰለች፣ ፖሉን አሳይተሽኛል። የውሃው መስመርስ?»

«እኛው በጉልበታችን የቀበርነው ስለሆነ ካርታ የለውም።»

«ታዲያ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ። ከእናንተ በታች ያለው መንደር የሚጠጣው ከእሱ ነው፤ ቁፋሮ ሲጀመር ቢቆረጥ ምን ልትመልሺላቸው ነው? የዛሬ ሳምንት ረቡዕ ግቢያችሁ እመጣለሁ። መስመሩን ካሳያችሁኝ አትማለሁ። ካለፈ ግን የበልጉ ዝናብ ይገባል፤ ዝናብ ላይ መሠረት ቁፈሩ ብዬ አልፈርምም። ያኔ እስከ ታኅሣሥ ነው።»

እስከ ታኅሣሥ ማለት አሥር ወር ሙሉ ሸራ ሥር ማለት ነው። መሰለች ግን አልደነገጠችም። መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ቀላል ነው፣ አባባ ምሰሶ አለልን» አለችኝ።

አብረን ቤቱ ሄድን። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቱ ሰብስቤ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛም ነው፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«የሉም። ትናንት ቡሌ ልጃቸው ጋ ወጡ። ጋቢያቸውንም ሬዲዮናቸውንም ይዘው።»

«ምነው በደህና?» አለች መሰለች።

ሰብስቤ መሬት መሬት አየ። «እኔም ጠየቅኋቸው። ‹ይነሣ አሉ፤ ተነሣሁ› አሉኝ።»

መሰለች አልገባትም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። እዚያው አጥር ሥር ቆሜ ያነበበውን፣ የዘለለውን፣ የሳቀውን ሁሉ ነገርኳት። የእኔን ሳቅ ጭምር። ስጨርስ ክላሰሯን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘች፤ ልጅ ሆና የሲሚንቶ ወረቀቷን እንደምትይዘው።

«ፖል ብዬ ብጽፍ ምን ነበረበት?» አለች።

እውነቷን ነው። ዲላ ውስጥ ማንም ሰው የኮረንቲውን እንጨት ምሰሶ አይለውም፤ ፖል ነው። ምሰሶ የደብዳቤ ቃል ነው። በደብዳቤ አማርኛ ስትኖር የሰፈሩ ሰው ያንን ስም ለማን እንደሰጠው ረሳችው።

ማግስቱን ቡሌ እንሂድ ስትል እኔ ነኝ የያዝኳት። «ሽማግሌ ሲቀየም ትኩሱን አይነኩትም፤ ትንሽ ይብረድለት። ደግሞ መስመሩን እኔም አውቀዋለሁ፣ ቆፍሬአለሁ እኮ!» አልኳት። ሞኝነቴን ተመልከቱ። ወንዶቹን ጠርቼ፣ በትልቁ ጽድ ሥር ነው ብዬ በእርግጠኝነት አሳየሁ። ያን ቀን ጥላ ውስጥ ተቀምጠን ቆጮ መብላታችን ትዝ ይለኛላ! ሁለት ቀን ቆፈሩ። ሥር ብቻ። ለካ ጽዱ የምሳ ቦታችን ነበር እንጂ ቱቦውስ እዚያ ዞር አላለም። ትዝታዬ የያዘው ምሳውን ነው። ሰብስቤ ጉድጓዱን እያየ «እትዬ ቆንጅት፣ እዚህ ውስጥ የተረፈ ቆጮ ካለ እንካፈል» ብሎ አሾፈብኝ። ይገባኛል።

ዓርብ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ወጣን። ቡሌ ደጋ ነው፤ ዲላ ላብሽን እየጠረግሽ ተነሥተሽ እዚያ ስትደርሺ ጥርስሽ ይንቀጫቀጫል። ከመኪናው ወርደን በጭቃው ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ሄድን። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፣ ከእንሰቱ በላይ ጉም። እኔ በየጉቶው እያረፍኩ፣ መሰለች ክላሰሯን በላስቲክ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ። መንገድ ላይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አራት መስመር እየመረጠች መሆኑን አወቅሁ።

በራሶን ልጁ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘነው፤ የከብት ማጠጫ ቱቦ የሚያፈስበትን በላስቲክ እያሰረ። ቀና ብሎ አየንና እጁን አላቆመም።

«አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለች መሰለች።

«አዘመምኩ» አላት።

እኔ ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። አንዴ ስቄ ምን እንደመጣ አይቻለሁ።

ምራቱ በርጩማ አወጣችልን። እሱ ቱቦውን አስሮ ጨረሰ፣ እጁን በሣር ጠረገ፣ ከዚያ፦

«ደብዳቤውን ማነው የጻፈ?» አለ።

እኔ ባርናባስ ራስጌውን ስለዘለለ ነው ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነትም ነበር። እሷ ግን፣ «እኔ ነኝ» አለች።

«አንተ?»

«እኔ። ስለ ኮረንቲው ነው የጻፍኩት።»

«ኮረንቲው ፖል ነው። ዲላ ሙሉ ፖል ነው የሚለው። አንተ ለምን ምሰሶ አልክ?»

«እንዲያምር ብዬ።»

ጉም በመካከላችን አለፈ። «እንዲያምር!» አለ ቆይቶ፣ ለልጁ ላም እንደሚነግር ሰው ወደ በረቱ ዞሮ። «እንዲያምር ብሎ ነው። እስቲ አንብበው።»

ክላሰሩን ከፍታ አነበበችለት፤ ከራስጌው ጀምራ፣ ለመብራት መሥሪያ ቤት ከሚለው። ጆሮውን አቅርቦ በከዘራው ጫፍ መሬቱን እየመታ አዳመጠ። «ያዘመመ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጁን አነሣ።

«እውነት ነው። ያ ፖል አዝሟል። እኔ ራሴ ለሰብስቤ ነገርኩት፣ ይወድቃል ብዬ።»

አበቃ፣ ታረቅን አልኩ በልቤ። እሱ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ፖሉስ እሺ። የሳቀውስ? ቤቱ ሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ‹አይ፣ እሱን አይደለም› ያለ አንድ ሰው የለም። እኔ ያንን እንጨት ገመድ እስኪመጣ ይዤ ነበር። እኔን ደግሞ የሚይዝ አንድ ሰው ጠፋ።»

ይህንን ሲል ድምፁ አልተለወጠም፤ ዋጋ እንደሚጠራ ሰው ነው የተናገረው። መሰለች የመረጠችው አራት መስመር ሁሉ የጠፋባት መሰለኝ። ከበርጩማዋ ወርዳ ጉልበቱን ያዘች። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተቀምጬ ነበራ።

«በራሶ፣ እኔም ስቄያለሁ» አልኩት። «ዞሬም አይቼሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «አንተማ ድሮም ትስቃለህ። ቱቦ ስንቀብር ጭቃ ውስጥ ስወድቅ ማነው የሳቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«እስከ ማታ ነው የሳቀው!» አለ ለምራቱ፣ በጣቱ እየጠቆመኝ። ምራቱም ሳቀች፣ እኔም አልቻልኩም፣ እሱም ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሰለች ብቻ ጉልበቱን እንደያዘች ቀረች። ራሷን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋትና «ተነሣ» አላት። ያቺን ቃል ራሱ ሲላት ሰምቶ ደግሞ ሳቀ።

ግን እንዲሁ አልወረደም። የእኛ ሰው በሰው ፊት የተሰበረ በሰው ፊት ነው የሚጠገነው ይላል። «ደብዳቤ ነው የጣለኝ፣ ደብዳቤ ያንሣኝ» አለ። «ጻፍ። እኔ እናገራለሁ፣ እሑድ ባርናባስ ያነባል።»

መሰለች ብዕሯን አወጣች።

«አሮጌው ምሰሶ አልተነሣም» አለ። ጻፈች። «የሚነሣው ፖል ነው።» ጻፈች። አሰበና «በራሶ» አለ። «በቃ።»

«አባባ፣ ከላይ ‹ለክቡራን ምእመናን› ልበልበት? ከታችም ‹ከሰላምታ ጋር›...»

«አታሳምርብኝ!» አለ በከዘራው እያስፈራራት።

ቅዳሜን አርፎ እሑድ ከልጁ ጋር ወረደ። ባርናባስ ያቺን ሁለት መስመር አነበበ፤ ከዚያም «ራስጌውን የዘለልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አባባ» ብሎ ጎንበስ አለ። ሃሌሉያ ከመዘምራኑ መካከል ወጥታ ሄዳ ከበራሶ አጠገብ ተቀመጠች። ሰው አጨበጨበ። በራሶ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እስከ ቡራኬው ቆየ።

ረቡዕ ፈይዛ መጣች፤ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ሜትሯን ይዛ፣ ከውሃውም መሥሪያ ቤት አንድ ሰው አስከትላ። እኔ የቆፈርኩት ጉድጓድ ገና አልተደፈነም ነበር። «ይሄ ምንድነው?» ስትል ሰብስቤ «የእትዬ ቆንጅት ምሳ» ብሎ መለሰላት።

በራሶ ጫማውን አወለቀ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ መሬቱን በእግሩ የሚያነበው ይመስለኛል። በሩ ጋ ካለው የውሃ መክፈቻ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መጣ፤ መሰለች ከኋላው በኖራ ነጭ መስመር እየነሰነሰች። አቮካዶው ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ ቀኝ ታጠፈ። አሥራ አንድ እርምጃ ሄደ። እንደገና ወደ ግራ ታጠፈና ወደ ታችኛው አጥር ወረደ።

ፈይዛ በንድፏና በኖራው መካከል እያየች ግንባሯን ቋጠረች። «አባባ፣ ቱቦ እኮ በቀጥታ ነው የሚሄደው። እዚህ ገላጣ ቦታ ነው፣ ድንጋይም የለበት። ለምን ይዞራል?»

በራሶ ገላጣውን ቦታ በከዘራው አሳያት፤ አሁን ሰው የሠርግ ድንኳን የሚተክልበትን። «እዚህ የአትጠገብ እንሰት ነበር። አሥራ አራት እግር። እንሰት እስኪበላ ስንት ዓመት ይፈጃል፤ ቱቦ በአንድ ቀን ይታጠፋል። ባል የሞተበት ሰው ነው፣ ልጅ ይዟል። እንሰቱን ከቆረጥኩ ልጁ ምን ይበላል?»

ኖራው ከመሰለች እጅ ላይ ፈሰሰ። አታውቅም ነበር። እኔም ረስቼዋለሁ፤ ሲናገር ነው የመጣልኝ፣ አትጠገብ በሯ ላይ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ቱቦው ዞሮ ሲያልፍላት። ልጅቱ ያንን እንሰት በልታ ነው ያደገችው። መሰለች ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ትንሽ ቆየችና ኖራዋን አፍሳ ተመለሰች።

ሰብስቤ መታጠፊያው ላይ ቆፈረ። ጉድጓዱ ጉልበት ድረስ ሳይደርስ አካፋው ብረት ነካ፤ ቂው አለ። የውሃው መሥሪያ ቤት ሰው ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ጠረገና «የመታጠፊያው ክርን አሁንም አዲስ ነው፤ ማነው የገጠመው?» አለ። ሁላችንም ጫማውን እያደረገ ወዳለው ሽማግሌ ነበር የምናየው።

ፈይዛ እዚያው ግቢው ውስጥ ባለ አግዳሚ ላይ ንድፉን ዘርግታ መታጠፊያውን በእርሳስ አሰመረች። ከመሠረቶቹ አንዱ ልክ ቱቦው ላይ ሊያርፍ ነበር፤ ሁለት እርምጃ አሸሸችው። «ይህንን አስተካክላችሁ ነገ አምጡልኝ» አለች። ሐሙስ መሰለች ይዛ ሄደች፤ ዓርብ በማኅተም ተመለሰች። ክላሰሩን ለእኔ ሳይሆን መጀመሪያ ለበራሶ ነው የወሰደችው። ጣቱን በንድፉ ላይ እየነዳ ከበሩ እስከ አቮካዶው፣ ከአቮካዶው ዞሮ እስከ አጥሩ ሄደ። «ቀጥ ብሏል» አላት። የታጠፈውን መስመር ነው እንግዲህ።

ፖሉም በሳምንቱ ተነሣ። መብራቶቹ ሲያወርዱት በራሶ ወንበር አስመጥቶ ተቀምጦ አየ። «ደህና ሁን ወንድሜ» አለው፤ ሠራተኞቹ ለማን እንደሚናገር አልገባቸውም።

ዛሬ ግድግዳው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ዝናቡ የገባው መሠረቱ ከተሞላ በኋላ ነው። መሰለች ሱቋን አሁን እስከ ምሳ ድረስ ትከፍታለች፤ ከእሷ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው አንድ አዲስ ነገር አይቶባታል። ጽፋ ስትጨርስ ታነብለትና «ይህች ቃል በሰፈራችሁ ማንን ነው የምትጠራው?» ብላ ትጠይቀዋለች። ባለጉዳዩ ግራ ይገባዋል። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ከሆነ እስቃለሁ።

ባለፈው ሰሞን በራሶን ይዤው ግንባታውን ልናይ ገባን። ብረት እየታሰረ፣ ሲሚንቶ እየፈሰሰ ስምንት ወፋፍራም ቋሚዎች ተደርድረው ቆመዋል። አንዱን በከዘራው ነካ ነካ አደረገ። አያያዙን አይቼ ፈራሁ፤ ደግሞ ምን ሊመጣ ነው አልኩ።

«ይሄን ምን ትለዋለህ?» አለው ግንበኛውን።

«ኮለን ነው አባባ።»

«ኮለን» አለ። ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው። ከዚያ ወደ መሰለች ዞረ፤ እሷ የሲሚንቶ ከረጢቶቹን እየቆጠረች ነበር።

«ሰማህ? ኮለን ነው። ደብዳቤ ስትጽፍ እንዲህ በል።»

«እሺ አባባ።»

ረካ። ከተራገፉት ከረጢቶች አንዱን አንሥቶ ገለበጠና ውስጡን አየው፤ ቡኒ፣ ንጹሕ ነው። አጣጥፎ በብብቱ ያዘና ወደ በሩ አዘገመ።